የጋራ ፈንድ ስሌት፦ የድርሻ ዋጋና ዕድገት

የጋራ ፈንድ ወይም ሚውቹዋል ፈንድ የሚባለው ተቋም ከብዙ ሰዎች የተሰበሰበን ገንዘብ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ አውሎ፣ ባለድርሻዎቹ ትርፉንም ኪሳራውንም እንደ ድርሻቸው መጠን እንዲካፈሉ የሚያደርግ ነው። በየሥራ ቀኑ የሚገባውን ሰው የሚቀበለውና የሚወጣውን የሚያሰናብተው ክፍት ፈንድ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ቦስተን ላይ በተቋቋመው ማሳቹሴትስ ኢንቬስተርስ ትረስት ሲሆን፣ አሠራሩም የሚገቡትና የሚወጡት ነባሮቹን ባለድርሻዎች ሳይጎዱ በስንት ዋጋ ይስተናገዱ የሚል ጥያቄን በየዕለቱ ያስነሣል።

ለዚህ መልስ የሚሰጠው የተጣራ የሀብት ዋጋ የሚባለው ስሌት ነው። የአንድ ፈንድ አክሲዮኖችና ቦንዶች በዕለቱ መዝጊያ ዋጋ 118 ሚሊዮን ዶላር ቢያወጡ፣ ጥሬ ገንዘቡ 4 ሚሊዮን፣ ዕዳውና ያልተከፈለው የአስተዳደር ወጪ ደግሞ 2 ሚሊዮን ቢሆን፣ የተጣራ ሀብቱ 120 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህም ለ10 ሚሊዮን ድርሻ ሲካፈል የአንዱ ዋጋ 12 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ደንብ የግዢም ሆነ የሽያጭ ትእዛዝ ሁሉ ቀጥሎ በሚሰላው ዋጋ እንዲፈጸም ያስገድዳል፤ አለዚያ ገበያው መውጣቱን ያየ ሰው በትናንቱ ዋጋ ገዝቶ የነባሮቹን ትርፍ ይሻማ ነበር።

ዕድገትን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚምታቱት የሀብቱ መጠንና የድርሻው ዋጋ ናቸው። በዚሁ ፈንድ አዳዲስ ሰዎች 12 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገቡ 1 ሚሊዮን ድርሻ ስለሚሰጣቸው፣ ሀብቱ ወደ 132 ሚሊዮን ከፍ ቢልም የድርሻው ዋጋ እዚያው 12 ዶላር ላይ ይቆያል፤ ፈንዱ በ10 በመቶ ሰፋ እንጂ ያተረፈ ባለድርሻ የለም። በአንጻሩ ለየድርሻው 1 ዶላር የትርፍ ክፍፍል ቢታደል ዋጋው ወደ 11 ይወርዳል፣ ዶላሩ ግን ከባለድርሻው እጅ ስለገባ የጠፋ ነገር የለም፤ ጠቅላላ ተመላሽ የሚባለው መለኪያ የዋጋ ለውጡንና ክፍፍሉን አንድ ላይ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓመታት ዕድገት ደግሞ በመደመር ሳይሆን በማባዛት ይሰላል። በመጀመሪያው ዓመት ከ10 ወደ 20 ዶላር የወጣ፣ በሁለተኛው ወደ 15 የወረደ ድርሻ 100 በመቶ አድጎ 25 በመቶ ቀንሷልና ተራ አማካዩ 37.5 በመቶ ይመስላል፤ 10ን በሁለት ዓመት 15 የሚያደርሰው ትክክለኛው ጥምር ዓመታዊ ዕድገት ግን 22.5 በመቶ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን የፈንዱ እንጂ የእያንዳንዱ ባለድርሻ ውጤት አይደለም፤ በ10 ዶላር ዋጋ 1,000፣ በ20 ዶላር ደግሞ 10,000 ዶላር ያስገባ ሰው 600 ድርሻ ስለሚኖረው፣ ፈንዱ 50 በመቶ ማደጉን በሚዘግብበት ቀን የእርሱ 11,000 ዶላር 9,000 ሆኖ ይገኛል።