አማካሪው «ከመጽሔት አምጣ» ሲል የትኛውን ነው?

ሰሞኑን ከመካነ ኢየሱስ አንድ ተማሪ ኢንቦክስ አደረገልን። የመመረቂያ ጽሑፉ እስቴ ላይ ስላለው ሴፍቲኔት ነው። አማካሪው መለሰበት፦ «ምንጮችህ መጽሔት ናቸው፤ ከጥናት መጽሔት አምጣ»። መመረቂያው ደርሷል፣ ልጁ ግራ ገብቶታል።

ጣጣው ከቃሉ ይጀምራል። ቡና እየጠጣን የምናገላብጠውም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመውም በአማርኛ «መጽሔት» ነው። አማካሪው የፈለገው ብዙዎቻችን «ጆርናል» የምንለውን ነው። በሽፋኑ እለየዋለሁ እንዳትሉ፤ ስልክ ላይ ሁሉም ፒዲኤፍ ነው።

ቁም ነገሩ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ማን አየው የሚለው ነው። የተለመደው መጽሔት ላይ አዘጋጁ ካመነበት በቃ፣ ይወጣል። ጆርናል ግን በዚያው ዘርፍ ለሚሠሩ ሌሎች ባለሙያዎች ይልከዋል፤ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ስም ተደብቆ። እነሱም «ስንት አባወራ ጠየቅክ? እንዴት መረጥካቸው?» እያሉ ያፋጥጡታል። ካላሳመናቸው አይታተምም። ለዚህ ነው ጆርናል ላይ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚናገር ክፍልና መጨረሻ ላይ የዋቢ ዝርዝር የምታገኙት። መጽሔት ላይ እነዚህን ብትፈልጉ የምታገኙት የሳሙና ማስታወቂያ ነው።

ይሄ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል ደግሞ በ1963 ነው የጀመሩት። «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ላይ ብትገቡ የአገራችንን ጆርናሎች በነፃ ትፈልጋላችሁ። ዳታ እንዳይበላችሁ መጀመሪያ አብስትራክቱን ብቻ አንብቡ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። «ክፈሉ፣ በሦስት ቀን እናትማለን» የሚሉ የስም ጆርናሎች ሞልተዋል። የምር ግምገማ ወራት ይፈጃል፤ በሦስት ቀን ማንም አላነበበውም ማለት ነው።

መጽሔት ዋጋ የለውም እያልን አይደለም (እኛም የምንጽፈው ለዚያው ዓይነት አንባቢ ነው)። በንጉሡ ዘመን ስለነበረው የከተማ ኑሮ የሚያጠና ሰው «መነን» መጽሔትን ካላገላበጠ ምን ሊጽፍ ነው? እዚያ ላይ መጽሔቱ ራሱ የሚጠናው ነገር ነው።

ለልጁም ይህንኑ ነገርነው። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ስለሆነ ብዙ ተጠንቷል፤ ማታውኑ አራት ጽሑፍ አውርዶ ላከልን። አንዱ የመጽሔት ነበር።