ጽጌረዳ በመተማ ቆላ፦ ከሐሩርና ከክረምት እንዴት እንጠብቃት?

 

ከጎንደር የጽጌረዳ ችግኝ ይዞ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ መተማ ዮሐንስ ግን 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። ጽጌረዳ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ አየር ትወዳለች። በመዓዛዋ የታወቀችው የጧኢፍ ጽጌረዳም የምታብበው በተራራማው አገር ነው።

ታዲያ በቆላ ማሳደግ አይቻልም ማለት ነውን? በእቃ ከተተከለችና ከሁለት ጠላቶች ከተጠበቀች ይቻላል። በአውሮፓ «የጽጌረዳ ክረምት» ሲባል ውርጭና በረዶ ነው። የእኛዎቹ ጠላቶች ግን የበጋው ሐሩርና የክረምቱ ዝናብ ናቸው።

እቃውና አፈሩ

የመተማ ጥቁር ዋልካ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሥርንም ይጎዳል። ስለዚህ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። አንገቱ የተቆረጠና ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። የሸክላ ማሰሮ ከተገኘ ይበልጣል፤ የእንስራ ውሃ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ በሸክላው የሚወጣው እርጥበት ሥሩን ያቀዘቅዛልና።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ አደራ! በሰሊጥና በጥጥ እርሻ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ወደ ቤት አታስገቡ። ቢታጠብም መርዙ ተሟጦ አይወጣም። ዛሬ አበባ የተተከለበትን እቃ ነገ ሌላ ሰው ውሃ ሊቀዳበት ይችላል።

የበጋው ሐሩር

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሻገርባቸው ቀኖች አሉ። በእቃ ያለ ጥቂት አፈር በሁሉም ጎኑ ስለሚግል ቅጠሉ ሳይጠወልግ ሥሩ ይቀቀላል። ስለዚህ እቃውን የጧት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ብቻ በሚያገኝ ቦታ፣ በጡብ ወይም በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በሰፋ እቃ ውስጥ ከትታችሁ መካከሉን በአሸዋ ብትሞሉት ሙቀቱን ይከላከላል፤ የሰፋው እቃም ከሥሩ ይበሳ። የአፈሩን ገጽ በደረቅ ሣር ሸፍኑት።

ውሃስ ከየት ይምጣ? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙድ ማለት የአማካይ ሰው ሁለት መዳፎች ተገጥመው የሚይዙት ያህል ነው። እኛም ውሃውን ቆጥበን፣ ሳሙና ያልነካውን የዉዱእ ውሃ በሳፋ ተቀብለን ለአበባችን እናውለው። ቤተሰቡ አራት ቢሆንና እያንዳንዱ በአምስቱ ወቅት አንድ አንድ ሊትር ቢጠቀም በቀን 20 ሊትር ይሆናል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ፣ በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጡ።

የክረምቱ ውሃ

ከሰኔ ጀምሮ ስጋቱ ይገለበጣል። ውሃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እቃውን ከታዛ ሥር አስገቡት፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ግን አይምታው። ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ተመልከቱ። ጥቁር ነጥብ ያለበት ቅጠል ስታዩ ለቅማችሁ አስወግዱ፤ በሽታው በረጠበ ቅጠል ላይ ይዛመታልና።

ከእቃው ሥር ውሃ የሚያቁር ሳህን አታስቀምጡ፤ የዉዱኡንም ውሃ አታሳድሩ። በሙቅ አየር ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ወባ ባለበት አገር የልጆች ጤና ከአበባ ይቀድማል።

ዝናቡ ሲያቆም፣ በመስከረም መጨረሻ፣ የደረቁትንና የተጠላለፉትን ቅርንጫፎች ቁረጡ፤ ጥቂት ፍግም ጨምሩ። በኅዳር፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ኢንሻአላህ ታብባለች።

ወጣቶች ሆይ! ከቤታችሁ አንዲቷን እቃ በኃላፊነት ተረከቡ። በየሶላቱ ወቅት ሳፋውን የሚያነሣ ልጅ ውሃ ጸጋ መሆኑን ሳይነገረው ይማራል። አላህ (ሱ.ወ.) ጸጋውን ከማያባክኑት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።