ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ መተኛትና የዲዩአይ ክስ፦ ተረትና እውነታ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ከሠርግ ወይም ከልደት አምሽቶ ሲወጣ አንድ ምክር አይጠፋም፦ «እንዳትነዳ፤ መኪናህ ውስጥ ትንሽ ሸለብ አድርግና ሲለቅህ ትሄዳለህ።» ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው። የሚሰጠው ሰው ወዳጁ እንዳይሞት፣ ሌላም ሰው እንዳይገድል ፈርቶ ነው። ነገር ግን ልክ እንደዚህ የሾፌር ወንበር ላይ ተኝተው የተገኙ፣ ጠጥቶ በመንዳት (ዲዩአይ) ተከሰው የተፈረደባቸው ሰዎች አሉ። የአንዳንዶቹ ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርዱ ጸንቷል። ስለዚህ ምክሩን ከመቀባበላችን በፊት ሕጉ የሚለውን ማወቅ አለብን።

«መኪናው ካልተንቀሳቀሰ መንዳት የለም»

ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ጎማው መዞሩን ብቻ አይደለም። የዲሲ ሕግ የሚከለክለው ሰክሮ ማሽከርከርን ብቻ ሳይሆን መኪናን በቁጥጥር ሥር አድርጎ መገኘትንም ነው። የሜሪላንድ የትራፊክ ሕግም «መንዳት» ለሚለው ቃል ፍቺ ሲሰጥ ይህንኑ ቁጥጥር አብሮ ይዞታል። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶችም የራሳቸውን ሕግ የሚተረጉሙት በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሪው ፊት የተቀመጠ፣ ቁልፉም ያለው ሰካራም ከእንቅልፉ ሲባንን ራሱን ሳያውቅ አስነሥቶ ሊወጣ ይችላል። ሕጉ ደግሞ ሰው እስኪገጭ መጠበቅ አይፈልግም።

«ሞተሩ ጠፍቷል፤ ያለሁትም በራሴ ግቢ ነው»

በዚህ ጉዳይ ከሦስቱ ጎረቤታሞች አጥብቆ የሚይዘው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ የሚኖር ወገን ሁለት ውሳኔዎችን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው የተሰጠው በ2012 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕዝብ መንገድ ላይ ሰክሮ ከመሪው ኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ እስከተሰካ ድረስ፣ መኪናውን ተቆጣጥሯል፤ ስለዚህም ጥፋተኛ ነው አለ። ቁልፉ ይዙር አይዙር፣ ሞተሩ ይነሣ አይነሣ ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው የ2014 ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሰውየው መኪናውን ያቆመው የትም ሳይሆን በገዛ ቤቱ መግቢያ ላይ ነው። ገብቶ ቁልፉን ሬዲዮ እስኪሠራ ድረስ ብቻ አዞረ፤ ሞተር አላስነሣም። ሙዚቃውን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። ጎረቤት ስለ ድምፁ አቤት ብሎ ፖሊስ መጣ፤ ተቀሰቀሰ፤ መጠጣቱ ታወቀ፤ ተከሰሰ። ጠበቃው «መንገድ ላይ እንኳን አልነበረም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉ መኪናን በሚመለከት የሕዝብ መንገድን እንደ መስፈርት አያስቀምጥም ብሎ ፍርዱን አጸና። ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የትም ሳይሄድ፣ ዲዩአይ መዝገቡ ላይ ሰፈረ።

አዝራር ተጭነው የሚያስነሡት መኪና ያላችሁ ደግሞ «የሚሰካ ቁልፍ የለኝም» በሚለው አትተማመኑ። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ለማስነሣት አንድ ጣት ነው የሚበቃው፤ ዐቃቤ ሕግም የሚከራከረው በዚህ ነው።

«ሜሪላንድ ይፈቀዳል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በ1993 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መንገድ ዳር በሕጋዊ ቦታ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካ የሾፌር ወንበር ላይ ተኝቶ የተገኘን ሰው ነፃ አወጣ። መኪናውን እንደ መጠለያ የተጠቀመና ለመንዳት የተዘጋጀ ሰው አንድ አይደሉም የሚል ነው ሐሳቡ። አስተዋይ ውሳኔ ነው እላለሁ፤ አልነዳም ብሎ የወሰነን ሰው አይቀጣምና።

ነገር ግን ይኸው ፍርድ ቤት ዳኞች የሚመዝኗቸውን ነገሮች ዘርዝሯል፦ ሞተሩ ተነሥቷል ወይ? ሰውየው የት ወንበር ላይ፣ እንዴት ሆኖ ተገኘ? ተኝቷል ወይስ ነቅቷል? ቁልፉ የት ነው? የፊት መብራቱ በርቷል ወይ? መኪናው መንገድ ላይ ነው ወይስ በሕጋዊ ማቆሚያ? አንዱ ብቻውን አይወስንም። ሞተር ያስነሣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተቆጣጠረ ይቆጠራል ብሎ አስጠንቅቋል።

እንግዲህ የጥር ሌሊት አስቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሬስቶራንት ጀርባ ያለ ፓርኪንግ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ሂተር ከፍቶ ይተኛል። ለእሱ ሙቀት ነው፤ ባትሪ ይዞ መስኮቱን ለሚያንኳኳው ፖሊስ ግን የተነሣ ሞተርና መሪው ፊት ያለ ሰካራም ነው። ደግሞም «አሁን ከእገሌ ቤት መጣሁ» ካለ፣ ሰክሮ እየነዳ መምጣቱን በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው። ስምና መንጃ ፈቃድ መስጠት፣ ሰው ማክበር ተገቢ ነው፤ የምሽቱን ታሪክ መተረክ ግን ግዴታ አይደለም። ከተያዙ በኋላ የትንፋሽ ምርመራን እምቢ ማለትም መውጫ አይደለም፤ በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ለ270 ቀን ይታገዳል።

«ቡና ጠጥቼ ሁለት ሰዓት ከተኛሁ ይለቀኛል»

ቡና ያነቃል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ጉበት በደም ውስጥ ያለውን የአልኮል ልክ የሚቀንሰው በአማካይ በሰዓት 0.015 በመቶ ያህል ነው፤ የሦስቱም ቦታዎች ወሰን 0.08 ነው። ልኩ 0.15 ሆኖ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ሲነቃ ገና 0.10 አካባቢ ነው። እንቅልፍ ስለጠገበ ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ አስነሥቶ ከወጣ ግን የሚነዳው ሰክሮ ነው።

«ዲዩአይ ቲኬት ነው፤ ተከፍሎ ያልቃል»

ቲኬት አይደለም፤ ወንጀል ነው። በቨርጂኒያ የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 12 ወር እስር ሊያስቀጣ ይችላል፤ ዝቅተኛው መቀጮ 250 ዶላር ነው፤ መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይሰረዛል። ትንፋሽ ካልተነፋበት መኪናውን የማያስነሣ መሣሪያም ያስገጥማሉ። የትራክ ሾፌሮች ሆይ፣ በግል መኪናችሁ ቢፈረድባችሁም ሲዲኤላችሁ (የንግድ መንጃ ፈቃዳችሁ) ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የቤት ኪራይ ማጣት ነው።

ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳዩ መልካም ጠባይ በሚመዘንበት ዘመን ውስጥ ሁለት የዲዩአይ ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ተቆጥሮ ይጀመራል፤ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም የእሱ ነው። በቪዛ ያለ ሰው ከመያዙ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝበት ይችላል። የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን ኢሚግሬሽን ላይ ምን እንደሚያስከትል ለደንበኛው ማስረዳት እንዳለበት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል። ስለዚህ «እመንና ተገላገል» የሚል ወዳጅ ሲመጣ፣ ከመፈረም በፊት ጠበቃውን ስለ ወረቀታችሁ ጠይቁት።

አልነዳም ያለ ሰው ትልቁን ነገር አድርጓል፤ የቀረው ከሾፌሩ ወንበር መራቅ ነው። ኡበር ጥሩ፣ ወይም ያልጠጣ ሰው ይውሰዳችሁ፤ ወይም ከጋበዛችሁ ሰው ሶፋ ላይ እደሩ። መኪና ውስጥ ማደር ግድ ከሆነ ኋላ ወንበር ተኙ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉም እጃችሁ ላይ አይሁን። ይህም ቢሆን አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። ግብዣ የምትደግሱ ደግሞ ቁልፉን ገና ሲገቡ ከእንግዶቻችሁ ተቀበሉ፤ ሲወጡ መጠየቅ ጠብ ያመጣል።