«ወንዳወንድ» እና «ቡች»፦ የአንድ ትርጉም መዘዝ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ የትርጉም ጥያቄ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ቡች» የሚለው ቃል በአለባበሷና በአኳኋኗ ወደ ወንድ የምታደላ፣ ፍቅሯም ለሴት የሆነ ሌዝቢያንን ይገልጻል። በአማርኛ ለዚህ ቅርብ መስሎ የሚታየን «ወንዳወንድ» ነው። ሁለቱን አቻ አድርጎ መውሰድ ግን ከስሕተትነቱ ባሻገር በሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል።

«ወንዳወንድ» ስለ ድምፅ፣ ስለ አረማመድ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ድፍረት ይናገራል፤ ማንን እንደምታፈቅር ግን አይናገርም። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በወግዲና በአማራ ሳይንት ደጋዎች፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ የፆታ ድንበር የተሰመረው በልብስ ብቻ ሳይሆን በሥራም ነው። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን የወንድ ድርሻ ነው። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት እያላት የሚያርስላት ወንድ ትሻለች፤ ብዙ ጊዜም መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ከዚሁ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው። ድንበሩን ተሻግራ ቤቷን ያቆመች ሴት «ወንድ ናት» ተብላ ልትመሰገን ትችላለች። ምስጋናው ግን ለሥራዋ የተሰጠ ነው፤ የማግባትና የመውለድ ግዴታዋን አያነሣላትም።

«ቡች» ማንነት ሆኖ የጎለበተው በሌላ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ነው። ኤልዛቤት ኬኔዲና ማደሊን ዴቪስ ስለ አሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት የቃል ታሪክ ጥናት ይህን ያሳያል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የሠራተኛው መደብ ሌዝቢያኖች በመጠጥ ቤቶች እየተገናኙ የራሳቸውን ማኅበረሰብ መሠረቱ፤ ቡቾቹም በአለባበሳቸው ፍቅራቸውን በአደባባይ አስታወቁ፤ ስለዚህም ተደበደቡ። የራስ ደመወዝና የመሰባሰቢያ ስፍራ ለዚህ መሠረት ነበሩ። ኑሮዋ በመሬት፣ በዘመድና በዕድር ለተሳሰረ የደጋ ሴት እነዚህ በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም።

በአገራችንም ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች አሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን በቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ አለባበስን ወይም ጠባይን አይደለም፤ ሐሜት ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

እንግዲህ አንድ ተመራማሪ «ወንዳወንድ»ን «ቡች» ብሎ ቢተረጉም ሦስት ሴቶችን ይበድላል። ስለ ጠንካራነቷ ብቻ እንዲህ የተባለችውን ያላሰበችው ጥርጣሬ ውስጥ ይከታታል። ሴት የምታፈቅረውን፣ ግን በአለባበሷ ከሌሎች ሴቶች የማትለየውን፣ እንደሌለች ይቆጥራታል። ሁለቱንም የሆነችውን ደግሞ ቃሉ ይሰጣት የነበረውን ጥቂት መጠለያ ያሳጣታል።

ስለዚህ በመስክ ሥራችን ስለ ሥራ ክፍፍል፣ ስለ አለባበስና ስለ ፍቅር የምናነሣቸውን ጥያቄዎች ለይተን እንጠይቅ። ቃሉን ተናጋሪዋ በተጠቀመችበት አገባብ እንመዝግብ፤ እርሷ ለራሷ ያልሰጠችውን ስም አንስጣት። የመንደሯንም ስም አንጻፍ። «ተቀባይነት አለ ወይስ የለም?» ከማለታችንም በፊት «ተቀባይነት ያገኘው ጉልበቷ ነው ወይስ እርሷ ራሷ?» ብለን እንጠይቅ። በእነዚህ ደጋዎች ለመጀመሪያው የምስጋና ቃል አለ፤ ለሁለተኛው ግን ገና አልተገኘም።