ከዱባይ ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

«ከዱባይ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ «አራት ሰዓት» ብዬ ነበር። መልሱስ ብዙም ስህተት አልነበረበትም። ጉዱ የመጣው ከስሌቱ ነው። በዚህ ሰበብ ሦስት ዓመት ያላየናት እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ ላይ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ስትጠብቀን ዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ደውላ «አርብ በአሥር ከሩብ እነሳለሁ» አለች። እማዬም ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ ጋዜጠኛው፣ ታዲያ ስንት ሰዓት ትደርሳለች?» አለችኝ። አሥር ከሩብ ላይ አራት ስደምር ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ መጣልኝ። ከሰበታ ኮንትራት ታክሲ ይዘን፣ በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርገን ልክ በሰዓቱ ደረስን። እሷ ግን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ቁጥራችንም እዚያው ውስጥ ቀርቶባታል።

ቆይቼ ትኬቷን ተቀብዬ አየሁት። መነሻ 10:15፣ መድረሻ 13:25 ይላል። ይህ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን። ስለዚህ የእሷ አሥር ከሩብ በእኛ ጠዋት አራት ከሩብ መሆኑ ነው። ስድስቱ ሰዓት እዚህ ላይ ጠፋ። በዚያ ላይ ትኬት የሚጽፈው የመነሻውን በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻውን በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚያ አራት ከሩብ ሲል ሰበታ ገና ሦስት ከሩብ ነው። በረራው 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ስለነበረና እኔ አሥሯን ደቂቃ ስለዘለልኳት፣ የጥበቃው ጊዜ ሰባት ሰዓት ከመሙላት ተረፈ።

ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ ይብሳል። ቻይና በ5 ሰዓት ትቀድመናለች። ከቦሌ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ ጓንጁ የሚገባ ነጋዴ ሲወርድ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሲመለስ ግን እኩለ ሌሊት ተነስቶ ንጋት ላይ ቦሌ ነው። ትኬቱን ብቻ ያየ የእኔ ዓይነት ጋዜጠኛ «ሲሄድ 15 ሰዓት፣ ሲመለስ 6 ሰዓት» ብሎ ዜና ይጽፋል። እውነተኛው ግን ከ10 እስከ 11 ሰዓት ነው። እንዲያውም የሚረዝመው መመለሻው ነው፤ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄዱ ይገፋል፣ ሲመለሱ ይጋፋል።

ርቀቱስ? ከአዲስ አበባ ዱባይ በቀጥታ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ስናካፍለው ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቀሪው የት ሄደ? ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ መሬት ላይ ሲንፏቀቅ፣ ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ትንሽ ነው። ቀጥታው መስመር በየመን ላይ ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ ጦርነቱ ከተባባሰበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች ዞረው ነው የሚሄዱት።

ይህን ሁሉ ያሰላሁት ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ነው። ከቦሌ ሰበታ፣ ያቺን ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረው። እማዬ እስከ ዓለም ገና ድረስ አላናገረችኝም።