ጄሶው ወጥቶ ልጁ ሲያነክስ

ጄሶው ሲወጣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ልጁ ወርዶ እንዲሮጥ ነው። እሱ ግን ያነክሳል፣ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይረግጣል፣ ወይ ጭራሽ መቆሙን ትቶ እንደገና መዳህ ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም፣ ከአስፋልቱ ራቅ ባሉት የጃቢ ጠህናንና የወንበርማ ቀበሌዎችም ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ «አጥንቱ ጠሞ ገጥሟል፤ ወጌሻ ይሸው።» በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለው ማነከስ በአብዛኛው የመዳኑ አንድ ክፍል ነው፤ ልጁን ወደ ኋላ የሚጎትተው ደግሞ ከፍቅር የተነሳ የሚያሸው፣ የሚያስረውና ከጀርባ የማያወርደው የእኛ እጅ ነው።

የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ ቅልጥሙ እንዲሰበር ከትልቅ ከፍታ መውደቅ አያስፈልገውም። ከመደብ ሲወርድ እግሩ ከሥሩ ቢጠመዘዝ ይበቃል። አጥንቱ እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ይሰነጠቃል እንጂ እምብዛም አይለያይም፤ ዙሪያውን የለበሰው ጠንካራ ሽፋን ስንጥቁን ይዞ ያቆየውና በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ይገጥማል። ጭን ከሆነ ከወገብ ጀምሮ የሚደረገው ጄሶ ስድስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ይህን ያህል ጊዜ ያልረገጠ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይደርቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጁ ያ እግር እንዳሳመመው ማስታወሱ ነው። ትልቅ ሰው «ድኗል፣ ርገጥ» ቢሉት ይገባዋል። ሕፃን ግን የሚያምነው የራሱን እግር ነው፤ ዛሬ ትንሽ ረግጦ ካላመመው ነገ ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቢድህ፣ ቀጥሎ የመደቡን ጠርዝ ይዞ ቢሄድ፣ ከዚያ ድክ ድክ ቢል፣ አንዴ የሄደበትን መንገድ ቶሎ ቶሎ እየደገመው ነው። ለቅልጥም ጥቂት ሳምንታት፣ ለጭን አንዳንዴ ጥቂት ወራት ይወስዳል። መለኪያው ማነከሱ መኖሩ ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት መቀነሱ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ራጅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደንባር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በካናዳ የራጅ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ስለዚህ የሕፃናት ቅልጥም ስብራት ሲጽፉ ስውር ብለው ነበር የገለጹት። በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላልና። ምልክቱ ግልጽ ሆኖ የሚወጣው አዲስ አጥንት መሠራት ሲጀምር፣ ከሳምንት ወይም ከ10 ቀን በኋላ ነው። «ራጁ ንጹሕ ነው» ሲባል ግን ቤተሰብ «እንግዲያው ወለምታ ነው» ብሎ ልጁን ለማሳሸት ይወስደዋል፤ የሚታሸውም ልክ የተሰነጠቀው ቦታ ይሆናል። ልጁ አልረግጥም ካለ ራጁን ከ10 ቀን በኋላ ማስደገም ይሻላል።

«አያቶቻችን በወጌሻ አይደል የዳኑት?» የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው፤ ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ሌሊትም ይመጣል። ነገር ግን የሕፃን ቅልጥም ስንጥቅ ማንም ቢይዘው በአብዛኛው የሚድን ነው። በውጭ አገር ጄሶ የተደረገላቸውንና በሚወልቅ መደገፊያ ብቻ የቆዩትን ሕፃናት ያወዳደሩ ጥናቶች ሁለቱም ወገኖች ደኅና ሆነው መሄዳቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ «ወጌሻው አዳነው» ከምንለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የልጁ የራሱ አጥንት ነው። ጥፋት ሲደርስ ግን አይመለስም። በቀርከሃ ስንጥር ጠብቆ የታሰረ እግር ሲያብጥ መስፋፊያ ያጣል፣ ደም አይዘልቀውም፣ ይበሰብሳል፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። ዶ/ር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል አካባቢ ወጌሾች አጭር ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ ይህ ጉዳት መቀነሱን አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ሥልጠና በምዕራብ ጎጃም ቢሰጥ፣ አንዱ ትምህርት «ጄሶ የወጣለትን ሕፃን አትሹ፣ አትሰሩ» የሚል ቢሆን እመኛለሁ።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ልጁን ከጀርባ ያውርደው። አንቀልባ እናትን ለሥራ ያፋታል፤ ገበያና ወንዝ ሲኬድ መታዘሉ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ የታዘለ እግር ግን አይጠነክርም። ቤት ውስጥ በደልዳላ ወለል ባዶ እግሩን ይሁን፤ መሬቱን ሲሰማው አረጋገጡ ይስተካከላል። ውጭ ሲወጣ ጫማ ያድርግ፤ ቀይ አፈራችን የዝሆኔ እግር መንስኤ ነውና ይህ ለታላላቆቹም ይሁን። የሚወደውን ነገር መደቡ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ዶሮ እንዲያባርር መተው፣ ሲነሣም «ወፌ ቆመች!» ማለት ከማንኛውም ልምምድ ይበልጣል። ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ ማስኬድ ግን ሚዛኑን ከእሱ ወስዶ ለያዘው ሰው ይሰጣል። «ካልታረመ ለምዶት ይቀራል» የሚሉ አሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚያነክሰው ስለሚያመው፣ ስለደከመው ወይም ስለፈራ ነው፤ እነዚህ ሲያልፉ ማነከሱም ያልፋል። እግሩ ያጥራል ተብሎ ቢፈራም፣ የጭን ስብራት የደረሰበት እግር እንዲያውም ከሌላው በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ አካሄድ አያበላሽም። የአጃ አጥሚት መስጠቱ መልካም ነው፤ ቤቱ በጾም ላይ ቢሆንም ለልጁ ወተትና እንቁላል አይቅሩበት፣ የጠዋት ፀሐይም ያግኘው።

ትዕግሥት የማይገባባቸው ምልክቶች አሉ። ትኩሳት፣ ዳግም ማበጥ ወይም መቅላት፣ ሌሊት በሕመም መንቃት፣ ሲሻለው ቆይቶ እንደገና መርገጥ ማቆም፣ ጄሶው ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ጨርሶ አለመርገጥ። ትኩሳት ያለበት ማነከስ የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀን አይሰጥም። ገንዘብ ለሚያሳስበው፣ የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ የተዘጋ ቀን ግን አንድ ነገር ቤት ውስጥ ይሠራል፦ በቀርከሃ ወይም በጨርቅ የታሰረ ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ሲነኩለት አጥብቆ ካለቀሰ ማሰሪያውን በዚያው ደቂቃ ፍቱት፤ መኪና ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።