ባለፓራሜትር መጠይቅ እና ስቶርድ ፕሮሲጀር

ባለፓራሜትር መጠይቅ እና ስቶርድ ፕሮሲጀር የድረ ገጽ ፕሮግራም ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። በመጀመሪያው የኤስኪውኤል ትዕዛዙ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ተጠቃሚው የሚጽፈው ነገር ቦታ በምልክት (ብዙ ጊዜ በ«?») ይያዝና ጽሑፉ ለብቻው ይላካል። ስለዚህ አንድ ሰው በስም መሙያው ሳጥን ውስጥ ትዕዛዝ ቢጽፍ እንኳ ዳታቤዙ እንደ ስም ብቻ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠና በስሙ የሚጠራ ፕሮግራም ነው።

በመሙያ ሳጥን በኩል ትዕዛዝ ማስገባት ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ይባላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ቶክቶክ ኩባንያ በዚህ ጥቃት የ156,959 ደንበኞቹ መረጃ በአጥቂ እጅ ገብቶ፣ በዓመቱ 400,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ብዙ ጀማሪዎች ስቶርድ ፕሮሲጀር በራሱ ይህን የሚከላከል ይመስላቸዋል። ስህተት ነው፤ ፕሮሲጀሩ የተቀበለውን ጽሑፍ በውስጡ ከትዕዛዝ ጋር ቀጥሎ የሚያስኬድ ከሆነ በሩ ክፍት ነው።

የስቶርድ ፕሮሲጀር እውነተኛ ጥቅም ፈቃድ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሰንጠረዦቹን በቀጥታ የመንካት መብት ሳይኖረው ፕሮሲጀሩን ብቻ እንዲጠራ ማድረግ ይቻላል። ይሁንና ለማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የተጻፈው ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ሲዛወር እንደገና መጻፍ አለበት። ለአብዛኛው ድረ ገጽ ባለፓራሜትር መጠይቅ ይበቃል፤ የሰንጠረዥና የዓምድ ስም ግን በፓራሜትር ስለማይተላለፍ ከተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ጋር መመሳከር ይኖርበታል።